የነሐሱን ሳጥን የሠራው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ካሮልተን ከምሠራበት ዌርሃውስ የወጣሁት ስምንት ሰዓት ላይ። 635 አውራ ጎዳና እንደ ልማዱ በመኪና ዝግ። ጋርላንድ ቤት ስደርስ አባዬ ሶፋው ላይ ነው፤ የኦክስጅን ቱቦው አፍንጫው ላይ፣ ሳጥኑን በጨርቅ ይወለውላል። ምሳውን አልነካም። ዶክተሯ ባለፈው ሳምንት ስለ ሳንባው ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችኝም... ገብቶኛል።

ዛሬ ግን ሚስተር ሆሊስ ኮል አደረገ! ፍሪስኮ የሚኖር ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። የመጀመሪያዎቹ ባህር ጠላቂዎች የተጠቀሙባቸውን ዕቃዎች ይሰበስባል፤ ኅዳር ላይ ትንሽ ኤግዚቢሽን ይከፍታል። የሳጥኑን ፎቶ ልኬለት ነበር። ቅዳሜ መጥቶ ያየዋል።

ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ነው የሰማሁት? ምጽዋ፣ 1961። አባዬ የመርከብ ሆድ የሚፍቅ ጠላቂ ነበር። የውሃ ውስጥ ካሜራ እነሱ እጅ የሚገባ ዕቃ አልነበረም። ሶ ተራ ካሜራ የሚገባበት የነሐስ ሳጥን ሠራ። ፊት ለፊቱ ወፍራም መስታወት፣ ጎኑ ላይ የኳስ ከመነዳሪ። ወደ ታች ሲወረድ ውሃው ከመነዳሪውን ይጨምቀዋል፣ አየሩ ወደ ሳጥኑ ይገባል፣ የውስጡና የውጭው ግፊት ይተካከልና ውሃው ውጭ ይቀራል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ትምህርት ቤት "አባትሽ ምን ይሠራል" ሲሉኝ የምናገረው ይህንን ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሆሊስ መጣ። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በማጉያ መነጽር አየው። "እንዲህ ያለ በቶርኖ የተቀረጸ ነሐስ ከፋብሪካ እንኳ አይወጣም" አለ። እኔ አስተረጉማለሁ።

"በምን ዓይነት ማሽን ነው የሠሩት?"

አባዬ የኦክስጅን ቱቦውን አስተካከለ።

"ክዳኑን ያለ ብሎን እንዴት ገጠሙት?"

"ረሳሁ በዪው።"

ሆሊስ ደግ ሰው ነው፣ አላስጨነቀውም። መስታወት ውስጥ አስቀምጦ ስሙን ከሥሩ ሊጽፍለት ፈልጓል። ግን ሲሠራ ያየ አንድ ሰው ያስፈልገዋል።

"ሁሉም ሞተዋል" አለ አባዬ።

ሁሉም አልሞቱም። ቸርች የማውቃት አሰለፈች ነግራኛለች... አባተ የሚባል የምጽዋ ሰው ፎርት ወርዝ ልጁ ጋ ይኖራል። አምና ለአባዬ ሳወራለት "ስሙን አታንሺብኝ" ብሎ ነበር። የድሮ ጠብ ይሆናላ። ግን ጊዜ የለንም። ስሙ ተጽፎ ቢያይ ምናለ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ቁጥራቸውን ከአሰለፈች ተቀብዬ ጋሽ አባተ ጋ ደወልኩ። "የጉግሳ ልጅ ነኝ" ስል ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። "እሁድ ነይ" ብቻ አሉኝ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

እሁድ፣ ጥቅምት 23

ከፎርት ወርዝ አሁን ተመለስኩ።

ጋሽ አባተ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሻይ አቀረቡልኝ። የሳጥኑን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ብዙ ቆዩበት።

"ይኼ የወልደ ሥላሴ እጅ ነው" አሉ።

"ወልደ ሥላሴ ማን ነው?"

"አልነገረሽም?" ስልኩን መለሱልኝ። "የወደቡ ጋራዥ ቶርኖ ሠራተኛ። የአባትሽ ነፍስ ጓደኛ። አራት ወር ከሥራ ሰዓት ውጭ እየገባ የሠራው እሱ ነው። አባትሽ ይዞት እየጠለቀ ፎቶ ያነሳል። ፎቶዎቹን ፈረንጆች ሲያዩ ማን ሠራው አሉ። አባትሽ 'እኔ' አለ። ወልደ ሥላሴ እዚያው ቆሞ ነበር።"

የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን ገፋሁት።

"ወልደ ሥላሴ ተናደደ። 'እንግዲያው እኔም ወርጄ አነሳለሁ' አለ። ጠልቆ አያውቅም እኮ! አባትሽ ግማሽ ሰዓት አስተማረው፣ የአየር ሲሊንደሩን አሸከመው። ጀልባዋን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ሲወጣ ትንፋሹን ይዞ ወጣ። ከታች የተነፈሱት አየር ወደ ላይ ሲመጡ ያብጣል፣ እየለቀቁ ካልወጡ ሳንባ ይቀደዳል። አፉ ላይ ቀይ አረፋ... ወደቡ ጋ አላደረስነውም።"

"አባዬ አልነገረውም?"

"አልነገረውም። ሲያስተምረው እኔ ሰምቻለሁ። ሁሉን ነገረው፣ ይቺን አልነገረውም። ፖሊስ ሲጠይቀኝ ግን አደጋ ነው አልኩ።"

ልነሳ ስል ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩ። የወልደ ሥላሴ እናት ከደቀመሐሪ መጥተው ነበር። "ልጄ በእጁ የሠራው ዕቃ አለ አሉ፣ እሱን ስጡኝ።" አባዬ "የኔ ነው" አላቸው።

"ይህን ለሆሊስ ይነግሩልኛል?" አልኳቸው።

"ያኔ ዝም ያልኩ ሰውዬ አሁን ምን አፍ አለኝ? ተዪኝ ልጄ።"

I-30 አውራ ጎዳና ላይ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

አልጠየቅኩትም። ሾርባ ሰጠሁት። ጠጣ። አፉን ጠረግኩለት። ያንን ሲሊንደር ያሸከመችውን እጁን አየኋት...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

"ወልደ ሥላሴ ማን ነው?" አልኩት። እንዲሁ፣ በድንገት።

ዓይኑን ጨፈነ። "አባተ ጋ ሄድሽ።"

"ሄድኩ።"

ከዚያ እየቆራረጠ፣ በየመሀሉ እየተነፈሰ፦ "መነጽሩን አጠለቅኩለት። ቀበቶውን አሰርኩለት። በአፍህ ተንፍስ አልኩት። ጆሮህን ሲያምህ አፍንጫህን ይዘህ ንፋ አልኩት። አንዷን ብቻ..."

"ረስተህ ነው?"

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

"አባዬ፣ ረስተህ ነው ወይስ አውቀህ?"

"በየቀኑ እጠይቀዋለሁ ራሴን። አላውቅም።"

"እንዴት አታውቅም!" ጮህኩበት። በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም።

"ተናድጄበት ነበር። ስሜን ሊወስድብኝ ነው ብዬ። ግን ይሙት አላልኩም። ይሙት ማለቴን አላስታውስም።" ሳል ያዘው። ሲለቀው "ረሳሁ ብልሽ ደስ ይልሻል። እውነት መሆኑን ግን አላውቅም" አለኝ።

ቢዋሸኝ ይሻል ነበር? አዎ። ዛሬ አዎ።

ከዚያ እጄን ያዘና "ስሙን አስጽፊለት" አለ። "የኔን አይደለም። የሱን። ሳልሞት።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

በብሬክ ሰዓት ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ሆሊስን ኮል አደረግኩ። ሁሉንም ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሠሪ ሰጠሽኝ" አለ። ሳይቆጣ። "ወረቀት አለ? አንድ ፎቶ? የሚመሰክር ሰው?"

የለም። ወረቀት የለም፤ ጋሽ አባተ አልመሰክርም ብለዋል። የወልደ ሥላሴ እናት ከሞቱ ቆይተዋል፣ ሌላ ዘመድ ጋሽ አባተም አያውቁም።

"አዝናለሁ፣ ያልተረጋገጠ ስም አልጽፍም። ሳጥኑን ግን አሳየዋለሁ።"

ሳጥኑን ለወልደ ሥላሴ ወገን ልመልሰው ብዬ አስቤ ነበር። ወስጄ ለማን? እሺ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ብቻዬን ሄድኩ። ጋሽ አባተን ጠይቄ ነበር፣ ልጃቸው "አሟቸዋል" አለችኝ።

ዕቃው ብዙ ነው። ባለሁለት ቱቦ መተንፈሻ፣ የጎማ ጫማ፣ ሆሊስ ወጣት ሳለ ያነሳው ፎቶ። የእኛ ሳጥን ጥግ ላይ ነው፣ መብራት በርቶበት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፦ ቀይ ባህር፣ የእጅ ሥራ፣ ሠሪው ያልታወቀ። አንድ ባልና ሚስት ቆመው አዩት። ሴትየዋ "ውብ ነው" አለች። ወደሚቀጥለው ሄዱ።

ልናገር? ምን ብዬ? አባቴ... ከዚያስ?

ቤት ስመለስ አባዬ ነቅቷል። ሰሞኑን ከአልጋ አይወርድም፤ ግማሽ ቃል ነው የሚናገረው።

"ጻፉለት?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

"አዎ አባዬ፣ ጽፈውለታል።"

"ሙሉ ስሙን?"

"ሙሉ ስሙን። በትልቁ። ሰው ሁሉ ያነበዋል።"

"ፎቶ አሳዪኝ።"

"ስልኬ ባትሪ ጨርሶብኝ አላነሳሁም።" ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ፤ ሁለታችንም ሰማነው።

ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። እስከዛሬ አባቴን ዋሽቼው አላውቅም፣ እንዴት እንደቀለለኝ...

"የኔ ልጅ ነሽ" አለኝ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።