ጉሮሮ የደረሰ ጠብታ

መርሳ፣ ግንቦት

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ እንዴት ይዞሃል? የዚያ አገር ሙቀት ዘንድሮ ብሶበታል ሲሉ ሰምተን አስበንህ ነበር። ባለቤትህ ደህና እንደሆነች፣ ልጁም መራመድ እንደጀመረ ካንተ ዘንድ ለፈቃድ የመጣው ዓሪፍ ነግሮናል፤ አላህ ያሳድገው። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ግራና መንደር ያለው ቤታችሁ በአንድ በኩል ቆርቆሮውን ነፋስ ገልጦት ነበር፤ ጎረቤቶች ወጥተው መትተውታል። የበልጉ ዝናብ ግን ትንሽ ጣል ጣል አድርጎ ቀርቷል።

«ወንድሜ» ብዬ ስጽፍልህ የመጀመሪያዬ ነው። ድሮ የምጠራህ በሌላ ነበር፤ አሁን እንደዚያ የምትልህ ባለቤትህ ናት፤ እኔ ከአፌ አጥፍቼዋለሁ። እስክሪብቶ ያነሳሁትም ስለዚያ አይደለም፣ ስለ እናትህ ዓይን ነው። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። እሳቸው ከጎኔ ሆነው «እሱ ነው? ምን አለ?» ሲሉኝ ወሬ እለውጣለሁ። ዓሪፍ ፈቃዱ አልቆ ሊመለስ ስለሆነ በእሱ እጅ ልላከው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

እናትህ ግራና ብቻቸውን ከሚሆኑ ብለን እኔ ወደምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ስናመጣቸው ወልድያ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው እንደነበር ታስታውሳለህ። የዓይን ግፊት ነው ብሎን ነበር። የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን የሚያቆየው ግን ጠዋትና ማታ የሚደረገው ጠብታ መሆኑን፣ አንድ ቀንም እንዳይቋረጥ ደጋግሞ ነገረን። ግራ ዓይናቸው ያኔም ደካማ ነበር። በቀኙ ግን ሰው ይለያሉ፣ እህል ይለቅማሉ፣ በር ላይ ተቀምጠው በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ከወዴት እንደመጣ ይነግሩን ነበር። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነበርኩ። ምን ያህል አውቄበት እንደነበር እንጃ። ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ አዘንብዬ ጠብ አደርግና ወደ ሌላው ሰው እሄዳለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንሠራው።

ከዚያ ረመዷን ሊገባ ሲል ውርጌሳ ያለችው እህቴ ወልዳ ደም በዛባትና እሷን ላስታምም ሄድኩ። ጠብታውን ለጥሩወርቅ አደራ ብዬ ነው የሄድኩት። ጥሩወርቅ የጉባ ላፍቶ ልጅ ናት፣ ከእኔ ጋር ነው የምትሠራው፤ እናትህን እንደ እናቷ ነው የምታያቸው። እህቴ እስክትድን ጾሙ እዚያው አለቀብኝ፣ ዒድንም እዚያው ዋልኩ።

ስመለስ እናትህ በሩ ላይ የሉም። ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ተስቢሕ ይቆጥራሉ። ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ፈገግ ብዬ፣ እስኪያዩኝ እጠብቃለሁ። እሳቸው ተስቢሑን ይቆጥራሉ። ትንሽ ቆይተው «ማነው በሩን የከፈተ?» አሉ። እኔ በሩ ላይ አልነበርኩም፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ይነኩኝ ነበር።

በማግስቱ ወልድያ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ዓይናቸውን በመብራቱ እያየ ጠብታው ተቋርጦ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀኙ ዓይን ሄዷል አለ። በግራው የመስኮት ብርሃን ይለያሉ፤ እሱም ምን ያህል እንደሚቆይ ቃል ልገባላችሁ አልችልም አለ። በሚኒባስ ስንመለስ እናትህ በመስኮቱ በኩል ነው የተቀመጡት፣ እሺ ብለው ጥጉን አልለቀቁልኝም። ድሮ ሲሪንቃ ላይ የምርምሩን ማሳ ሲያዩ ይህ ማሽላ ነው፣ ይህ ጤፍ ነው እያሉ ለሰው ማስረዳት ይወዱ የለ? ከሲሪንቃ ብዙ ርቀን፣ መርሳ ልንገባ ስንል፣ «ሲሪንቃ ደረስን እንዴ? ዘንድሮ ምን ዘርተውበታል?» አሉኝ። ማሽላ ነው አልኳቸው። «ጥሩ ነው፣ ማሽላ ይሻላል» አሉ።

የሆነውን ጥሩወርቅን ጠየቅኋት። ጾሙ ሲገባ እናትህ ጠብታውን ቀን አይሆንም አሉ። ምሬቱ ጉሮሮዬ ይደርሳል፣ ጾሜን አታስፈቱኝ አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ይደርሳል። ሌሊት ለሱሁር ሲነሱ እንዳይደረግላቸው በዚያ ሰዓት ከዘበኛው በቀር ሠራተኛ የለም። ማታ ከፊጥር በኋላ እንዳይደረግ የቀኖቹ ሠራተኞች ያኔ ወደ ቤታቸው እየሮጡ ነው፤ እስከ መኝታ የምትቆየዋ የማታዋ ሠራተኛ ደግሞ ቀን ተደርጎላቸዋል ትላለች። እንዲሁ ወሩ ሙሉ አለፈ። የመጦሪያው ኃላፊ ሙላቱ «እምቢ ብለዋል» ተብሎ ተነገረው፤ ሰውን በግድ አናደርግም አለ፤ እሱም ቀረ። ክፉ ሰው የለበትም። ክፉ ሰው ቢኖርበት እሱን እሰድብ ነበር።

ዒድ ካለፈ በኋላ ሙላቱ ደንግጦ ኖሮ ከወልድያ ሲስተር ናርዶስ የምትባል የዓይን ነርስ ለመነና አመጣ። ሁላችንን ሰብስባ ጠብታ አደራረግ አስተማረችን። ስናስበው ምን ትምህርት አለው፣ ጠብ ማድረግ አይደል ብለን ነበር። መጀመሪያ እርስ በርሳችሁ አድርጉ አለችን። ጤነኛን የማይጎዳ፣ ለደረቀ ዓይን የሚሆን ጠብታ ይዛ መጥታለች። ሙላቱ ለእኔ ደረሰኝ። ያ ግንድ የሚያህል ሰው ብልቃጡን ሳስጠጋው ዓይኑን ጨፍኖ ወንበሩን ጨበጠ። ሲስተር ናርዶስ አልሳቀችም። «አረጋውያኑም እንደዚህ ነው የሚሆኑት፤ ልዩነቱ እነሱ የሚመጣውን አያዩትም» አለች። ስለዚህ ማን እንደሆንክና ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳትናገር ፊታቸውን አትንካ አለችን።

እጅ መታጠብን ታውቃላችሁ፣ ግን አትታጠቡም አለች፤ እውነቷን ነው። ብልቃጡ ላይ የማንን ስም እንደሚል፣ የዓይን ነው የጆሮ ነው ብለን ሳናነብ እንዳናነሳ አስጠነቀቀችን። የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ዝቅ አድርጎ ኪስ መሥራት፣ የብልቃጡ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም እንዳይነካ፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ ሁለተኛ መድኃኒት ካለ በመካከሉ መታገሥ፣ የአንዱን ብልቃጥ ለሌላው አለመስጠት። እኛ አንዱን ብልቃጥ ለሁለት ሽማግሌዎች እናደርግ ነበር። ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች።

ከዚያ እንዲህ አለች። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፣ ትንሽም ቆዩ። እዚያች ጋ ወደ ጉሮሮ የምትወርድ ቀዳዳ አለች። ካልተጫናችኋት መድኃኒቱ በሷ ይሄዳል፣ ይመርራል፤ ከተጫናችኋት ግን ዓይን ውስጥ ይቀራል አለች።

እኔ ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሌላ የሰማሁት ነገር የለም። ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ቆሜ አለቀስኩ። አንዲት ጣት፣ ወንድሜ። በአንዲት ጣት የሚያዝ ነገር ነበር።

አልረጋሁም፤ ከገበያው በላይ ባለው መስጊድ ሼህ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ነገርኳቸው። የዓይን ጠብታ ጾም አያስፈታም አሉ። ልባቸው ካልረጋም ሱሁርና ፊጥር ላይ ማድረግ ነው፣ የታመመ ሰውን ዲኑ አላስጨነቀውም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ እዚህ ነበርኩኮ፤ ለምን ሰው አልላካችሁብኝም?» አሉኝ።

እናትህን ጠብታው ጾም ያስፈታል ያለዎት ማነው ብዬ ጠየቅኋቸው። «ማንም አላለኝ። የራሴ ልብ ነው» አሉ። ደግሜ ብጠይቅ ቁጣ ቁጣ አላቸው። «የማንንም ስም አትጥሪብኝ፤ እኔው ነኝ፣ አበቃ!» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ። የማንንም ስም አልጠራሁባቸውም ነበር።

ጾሙ በገባ ሰሞን የደወልክ ዕለት ስልኩን የያዘችላቸው ጥሩወርቅ ናት። ጆሯቸውም ስለደከመ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነው የምትይዘው። ስለ ጠብታው አንስተው እንደጠየቁህ ነገረችኝ። አንተ የመለስክላቸውንም ነገረችኝ። እዚህ አልደግመውም፤ ያልከውን አንተ ታውቀዋለህ። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ጮህኩባት። «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ልጃቸው በሃይማኖታቸው እንዲህ ካላቸው በምን አፌ ልናገር?» አለችኝና አለቀሰች። ያን ዕለት ስልኩ ሲዘጋ እናትህ ደስ ብሏቸው እንደነበርም ነገረችኝ። ልጄ ዲኑን አልረሳም፣ በሰው አገርም ሆኖ አልረሳም ይሉ ነበር አለችኝ።

ክፋት አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሥራ ላይ ሆነህ፣ ሰው እየጠራህ፣ በችኮላ ያልከው ይሆናል። እኔ አንተን ስለማውቅህ ነው ይህን የምልህ። ብዙ ዓመት አውቄሃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሃለሁ። ስትደውል ይህን አታንሳባቸው። ይቅርታም አትጠይቃቸው። ይቅርታ ከጠየቅካቸው ማወቅህን ያውቃሉ። ካንተ የደበቁት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሄዶባቸው የቀራቸው ይህ ነው። ተውላቸው። አንተ ግን እንደድሮው በወር አንዴ አይሁን፤ ቶሎ ቶሎ ደውል። ድምፅ ነው አሁን የሚያዩት።

ጠብታውን አሁን ጠዋት እኔ፣ ማታ ጥሩወርቅ ሳናስተጓጉል እናደርጋለን። ለቀረችው የመስኮት ብርሃን ነው። የዓይናቸውን ጥግ ይዤ ስቆይ ትንፋሻቸው እጄ ላይ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን ጣቴን ሳነሳ ከንፈራቸውን ላሱና ዋጥ አደረጉ፣ ደግመውም ዋጥ አደረጉ። «አይመርም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ጠብታው በተደረገ ቁጥር ተስቢሑን ያነሳሉ፤ ምን እንደሚያስቡ አልጠይቃቸውም።

ትናንት ዓሪፍ ሊሰናበታቸው መጣ። የላክላቸውን ሻሽ ሰጣቸው። ጭናቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ጠርዙን ሲዳስሱ ቆዩ። ዓሪፍ ሻንጣውን ሊዘጋ ጎንበስ ሲል እጄን ሳብ አደረጉና በጆሮዬ «ቀለሙ ምንድን ነው?» አሉኝ። አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር አለው አልኳቸው። ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዓሪፍን ጠሩት። «ለልጄ እንዲህ በልልኝ፤ አረንጓዴው እንዴት አድርጎ አማረብኝ! የወርቁ ክርማ በፀሐይ ሳየው ዓይን ይወጋል በለው። እናትህ ደህና አድርጋ ታያለች፣ ሐሳብ አይግባህ በለው» አሉት። ይህን ሲሉ የሚያዩት ዓሪፍ የቆመበትን አልነበረም፣ ባዶውን ወንበር ነበር። ዓሪፍ ወደ እኔ ዞረ። እሺ፣ እነግረዋለሁ፣ እናቴ አላቸው።

እንዳሉት ይነግርሃል። ሲነግርህ ደስ ይበልህ፣ ደስታህንም ደውለህ ንገራቸው።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ። ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ልጅህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ለባለቤትህም ጤና ይስጥልኝ። እናትህን በሕይወት ለመሳም አላህ መንገዱን ያግራልህ። ወሰላም።

የእናትህ ልጅ