ክዳኑ ላይ ያለው እጅ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለእማዬ፦

ሰባ ስድስት ዓመቴን ጨርሼ ሰባ ሰባተኛውን ይዣለሁ። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ መረቤን ራሴ እጠግናለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ማንንም አልለምንም፤ ትንሽ እሳደባለሁ እንጂ ይገባል። ጀልባዋን ከአሸዋው ላይ ገፍቼ ውኃ አስገባታለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ እየጻፍኩት ነው፤ ፊደሎቼ እንደ ሰካራም ቢወላገዱ አትሳቂብኝ። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለሰው የሚጽፍ ሰውዬ አለ። እጅ ጽሑፉ ያማረ ነው፣ ነገር ግን ለሱ የነገርኩት አንቺ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ዓሣ ተራ ይደርሳል።

እንዴት ነሽልኝ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ ጀርባሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትውዪው? ባልሽ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጆቹ በልተው ይጠግባሉ ወይስ እንዳንቺ ሳህን እየገፉ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ደህና ነኝ ማለቴ ነው፤ ሌላ ሰው ሌላ ነገር ነግሮሽ ከሆነ ማን እንደሆነ ጻፊልኝ።

የላክሽው የበረዶ ሳጥን ደርሶኛል። ያመጣው ሾፌር ደጄ ላይ ሲያወርደው ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ። ሰውነቱ ሰማያዊ፣ ክዳኑ ነጭ፣ ግድግዳው እንደ ትራስ ወፍራም ነው። አመሰግናለሁ። እውነቱን ልንገርሽና ያየሁት ቀን ግን ደስ አላለኝም። ሰው ሳይጠየቅ እንዲህ ያለ ነገር የሚልከው አንድ ነገር ሰምቶ ነው አልኩ። ባለፈው በጋ ጀልባ ላይ የዋለ እንቁላል በልቼ ሆዴ እንደተገለባበጠ ለነፍስ አልተነፈስኩም። የሚያውቀው አብሮኝ የሚቀዝፈው ሰው ብቻ ነው፤ ያ ከቅጥነቱ የተነሳ ምስማር የምንለው። ቀዝፎ ወደ ዳር ያወጣኝ እሱ ነው። ከዚያ ወር ሳይሞላ አንቺ “አባዬ፣ ጀልባውን ይተዉና እኛ ጋ ይምጡ” ብለሽ ጻፍሽ። ቀጥሎ ሳጥኑ መጣ። እኔም ምስማርን በጎን ማየት ጀመርኩ።

እኛ ውኃ ላይ የምንበላውንና የምንጠጣውን ስናቀዘቅዝ የኖርነው በሌላ ዘዴ ነው። ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ትጠቀልይዋለሽ፣ ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውኃ ትረጪበታለሽ፣ የቀረውን ነፋሱ ይሠራዋል። የለስላሳውን ጠርሙስ አንገቱን በገመድ አስረሽ ከጀልባዋ ሥር ወደ ጥልቁ ትለቂዋለሽ። ምግቡን ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ጥላ ውስጥ ትወሽቂዋለሽ። እናትሽ ነፍሷን ይማረውና ድንቹን ሳትልጥ ነበር የምትሰጠኝ፣ ልጣጩ ይጠብቀዋል ብላ። ይህ ሁሉ እስከ ረፋድ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ፀሐዩ ከላይ፣ ነጸብራቁ ከታች ሲጠብሰን ወተቱ ይቋጥራል፣ ዳቦውም እንደኛ ያልበዋል። ለዓሣው በረዶ እንገዛለታለን፤ ለራሳችን አፍ ግን ገዝተን አናውቅም ነበር። ዓሣው ከኛ ይበልጥ ተከብሮ ነው የኖረው።

እንግዲህ ጀልባ ማቆሚያው ዳር ከምትቀመጠው በረዶ ሻጭ ለሳጥኑም ገዛሁ። ከታች በረዶውን፣ በላዩ መጠጡን፣ ከሁሉም በላይ ምግቡን አደረግሁ። ክዳኑ ላይ በባዕድ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፤ እሱን ለማንበብ አልደከምኩም። ከሥሩ ያለው ሥዕል ግን ግልጽ ነው። እጅ አለ፣ እጁ ክዳን ሲያነሳ ይታያል፣ በላዩ ላይ በቀይ መስመር ተሰርዟል። ይኸው አልኩ፤ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይህ ሳጥን ሌባ እንደሚበዛበት ስለሚያውቁ የሰው እጅ እንዳይገባበት አስጠንቅቀዋል። ለምስማርም አሳይቼ፣ አየህ አይደል አልኩት። አየሁ አለና ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ፊቱን ማዞሩን ልብ አልኩ።

ሾፌሩ በረዶው እስከ ማግሥቱ ይቆያል ብሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ገና ፀሐዩ አናታችን ላይ ሳይወጣ ብከፍተው ጎድሏል። ቆየት ብዬ ብከፍተው ይበልጥ ጎድሏል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት በረዶ ሻጯን ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ሄጄ፣ ልቡ ባዶ የሆነ በረዶ ነው የሸጥሽልኝ አልኳት። እሷም፣ አባባ በረዶ ነው እንጂ ዱባ መሰለዎት ወይ ብላ ሰው አሳቀችብኝ። ቀጥሎ የጠረጠርኩት ባልሽን ነው፤ ርካሹን መርጦ ገዝቶ ይሆናል አልኩ። በመጨረሻ ዞሬ ዞሬ ምስማር ላይ አረፍኩ። እኔ መረብ ስስብ ጀርባዬ ለሱ ነው። በረዶ ተሰርቆ የት ይገባል አትበዪኝ፤ አንዴ ሰው ከጠረጠርሽ ለሁሉም ነገር መደበቂያ ታገኚለታለሽ። ይልሰዋል አልኩ። ማጅራቱ ላይ ያደርገዋል አልኩ።

ስለዚህ ዘብ ቆምኩ። መረብ በጣልን ቁጥር ክዳኑን ከፍቼ አያለሁ፣ መረብ ባነሳን ቁጥር ከፍቼ አያለሁ፣ ምስማር ካስነጠሰም እከፍታለሁ። ቀልጦ ከሥር የሚጠራቀመውን ውኃም የማፍሰሻውን ቡሽ ነቅዬ አፈሰዋለሁ፤ ሌባው፣ ቀልጦ ነው ብሎ እንዳያመካኝ። ሳጥኑን በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። በክዳኑ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት የዓሣ ቅርፊት ለጠፍኩ፣ ሰው ከነካው እንድትወድቅ። አንድ ቀን ደሴቷ ጋ ለሽንት ወርጄ ስመለስ ቅርፊቷ የለችም። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ ማጥመድ ጀመርኩ፣ እየተነሳሁም አያለሁ። ምስማር፣ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ መሰሉ እኮ አለኝ። ጫጩቱ ሲፈለፈል ትደነግጣለህ አልኩት። ሳቁ ቶሎ ጠፋ።

ሐሙስ ዕለት ከጠርሙሶቹ መሃል የኔ ያልሆነ ካልሲ አገኘሁ። ውስጡን ብዳብስ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች አሉበት። ያኔ ያሰብኩትን ልጻፍልሽ፤ ደብቄሽ ምን ላተርፍ። አንቺና ባልሽ ከምስማር ጋር ተማክራችሁ መጠጤ ውስጥ የሚያደነዝዝ ነገር ልትጨምሩብኝ ነው አልኩ። መቅዘፊያ ይዤ ሳንጎላጅ ተይዤ፣ በቃ አርጅተዋል፣ ይውረዱ ልትሉኝ። ጉሮሮዬ እየደረቀ ጠርሙስ ሳልነካ ዋልኩ። ምስማር ምነው አይጠጡም ብሎ ሲጠይቀኝ ጭራሽ ተረጋገጠልኝ። ካልሲውን አወጣሁና እጄን ዘርግቼ ውኃው ላይ አንጠለጠልኩት። ምንድን ነው ይሄ አልኩት።

መቅዘፊያው ከእጁ አመለጠ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም፤ ያ ጥቁር ፊቱ አመድ መሰለ። የስኳር መድኃኒቴ ነው አለኝ፣ ቀስ አድርገው ይመልሱት አለኝ። ለካ ስኳር ከያዘው ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፣ በረዶ ከነካውም ይበላሻል፤ ለዚህ ነው በካልሲ የጠቀለለው። አስቸጋሪነቱ እኔን ነው የሚመስለው። በየበጋው ሙቀቱ ሲበረታ ወገቤን አመመኝ እያለ ቤት የሚቀረውም ይህንን ብልቃጥ ውኃ ላይ የሚያኖርበት ቀዝቃዛ ቦታ አጥቶ ነበር። እኔ ደግሞ ሰነፍ እያልኩ በሰው ፊት ስሰድበው ኖሬያለሁ። በሽተኛ መሆኑን ባውቅ ሌላ ቀዛፊ የምፈልግ መስሎት አልነገረኝም። ሳጥኑን ሲያይ ለሱ የተላከ ያህል ደስ አለው፤ ጀርባዬን ባዞርኩ ቁጥር ይሸጉጣቸው ነበር፣ ያቺን ቅርፊትም የጣላት እሱ ነው። ልጠይቅዎ አስቤ ነበር፣ ግን ክዳኑን በገመድ ያሰረ ሰው ምን ተብሎ ይጠየቃል አለኝ።

ጥፋቴ ሲታወቀኝ እንደምጮህ ታውቂኛለሽ። ታዲያ በረዶውን ማን በላው ብዬ ጮህኩበት፤ ሌባማ አለ፣ ሠሪዎቹ እንኳ እጁን ሥለውታል ብዬ ክዳኑን በቡጢ መታሁት። ምስማር ሥዕሉን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

“አባባ፣ ይሄ እጅ የርስዎ ነው” አለኝ።

አልገባኝም። ደጋግመው አይክፈቱት ማለት ነው እኮ አለኝ። ሌባ ልፈልግ በከፈትኩ ቁጥር ቅዝቃዜውን የማስወጣው እኔ ነበርኩ። ቡሹን እየነቀልኩ የማፈሰው ውኃም ቢሆን ገና በረዶ የሚያህል ቀዝቃዛ ነበር፣ ጠርሙሶቹን አቅፎ ይይዝልኝ የነበረ። እጄን አየሁት። ካልሲውን እንደያዘ ነው። ካልሲው ለብ ብሏል።

ልጄ፣ ከዳር ርቀን ነበር። ሳጥኑ ውስጥ የቀረችው በረዶ እንቁላል አታህልም። ዓሣው የተኛበትን በረዶ በሁለት እጄ እየዛቅሁ ወደ ሳጥኑ ገለበጥኩት። ካልሲውን በረዶ እንዳይነካው በጠርሙሶቹ መሃል ሸጎጥኩት። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ያንን አሮጌ ጆንያ አርጥቤ አለበስኩት፣ ከፊተኛው መቀመጫ ሥር ጥላ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀዘፍን። እጄ በለመደው ወደ ክዳኑ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ እይዘውና እመልሰዋለሁ። ዳር ስንደርስ የዓሣው ዓይን ደፍርሶ ነበር። ገዢዋ አሸተተችና ይሄን ለድመት ስጡት አለች። ፀሐዩ ነው አልኳት።

ምስማር ብልቃጦቹን ይዞ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄደ። ነርሷ አይታ፣ እነዚህን አትመናቸው ብላ ሌላ ሰጠችው አሉ። አሉ የምልሽ ከሱ አፍ ስላልሰማሁት ነው። ዓርብም ቅዳሜም ጀልባዋ ጋ አልመጣም። ትናንት ማታ በሩ ድረስ ሄጄ ጫማውን ደጅ ላይ አየሁት፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ሌላ ጀልባ ላይ ቦታ ጠይቋል የሚል ወሬም አለ። ወሬውን ያመጣችው በረዶ ሻጯ ስለሆነች ግማሹን ቀንሺለት፤ ግማሹ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። አንዱ ሲቀዝፍ አንዱ መረብ መሳብ አለበት። ይህ ሰው ከቀረብኝ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ማንም አብሮኝ አይወጣም፤ ያኔ አንቺ እንዳልሽው እቃዬን ሸክፌ ሶፋሽ ላይ እጎለታለሁ ማለት ነው። ሶፋሽን አልጠላሁም። ገና ነኝ እንጂ።

ምስማር ላንቺ አንዲት መስመር ጽፎ እንደማያውቅ እዚያው ጀልባዋ ላይ ነግሮኛል፣ አምኜዋለሁ። እንግዲያው የሆዴን ነገር የነገረሽ ሌላ ሰው ነው። ቆይቼ ሳስበው፣ ያን ቀን ጀልባ ማቆሚያው ላይ ተንበርክኬ ያየችኝ አንዲት ሴት አለች፤ በረዶ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከበረዶዋ ቀድሞ የሚቀልጥ። እሷ ከሆነች እሷ ናት ብለሽ ጻፊልኝ። አልጣላትም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ሳጥኑ ጥሩ ሳጥን ነው፣ ርካሽ አይደለም ብለዋል በዪው፤ ለምን እንዲህ እንዳልኩ አትንገሪው፣ የሱ ዕዳ በዚህ ተዘግቷል። አማትሽን ጉልበታቸው እንዴት ሆነ በዪልኝ። ትልቁ ልጅሽ ሥዕል ይወዳል ብለሽኛል፤ ምንም የማይነካ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ እጅ ይሣልልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳሚልኝ፣ ጢሜ ይወጋል ብላ የሸሸችኝን አልረሳሁላትም።

ለምስማር ምንም ነገር እንዳትልኪ። እንዳትደውዪለት። ሽማግሌም እንዳታስልኪብኝ። ያለብኝን ዕዳ የምከፍለው ራሴ ነኝ። ለበረዶ ሻጯ፣ በረዶሽ ባዶ ነው ያልኳት አለብኝ፤ በሰው ፊት ስለተናገርኩት በሰው ፊት እመልሰዋለሁ፣ ሚዛኗን ግን አሁንም አላምነውም። ለምስማር በየበጋው ሰነፍ ያልኩት አለብኝ፣ ያም በሰው ፊት ነው። አንድ ካልሲም አለብኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ ቀርቶ ዓሣ ዓሣ ሸትቶ ነበር፣ አጥቤ ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ። ሲደርቅ እሱንም ሳጥኑንም ይዤ እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ። የታሰረበትን ገመድ ፈትቼዋለሁ። ሳጥኑ እሱ ቤት ይደር፣ በረዶውን እሱ ይሙላው፣ ክዳኑን እሱ ይክፈተው። እኔ ውኃ ሲጠማኝ፣ ስጠኝ ብዬ እለምነዋለሁ።

አባትሽ
ከሐይቁ ዳር ቤታችን፣ በበጋው እኩሌታ፣ እሑድ ጠዋት፣ ካልሲው ገና ሳይደርቅ።