ሚጡ አታድግም

ጅቡቲ፣ ሄሮን ሰፈር
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሊሊ፣

ደህና መሆንሽን ከአክስትሽ ከደብሪቱ እሰማለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ማለፍሽንም የነገረችኝ እሷ ናት። ከአንቺ አፍ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ስልክሽ ላይ ቁጥሬን ዘግተሽዋል፣ ቴሌግራሙንም እንደዚያው። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ማንበብ ካልፈለግሽ ቅደጂው፣ አልቀየምሽም።

እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ዘንድሮ ከፍቷል። ከሰኔ ጀምሮ የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋውን በመስኮት እያስገባ ጠዋት የጠረግሁትን ከሰዓት ያስጠርገኛል። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም። ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፤ ቤቱ ጸጥ ያለ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ሚጡ፣ ስልኬ ላይ ስስላት ስለነበረችው ልጅ ነው።

በግንቦት የላክሽልኝን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «እማዬ፣ ያቺን ልጅ አላውቃትም። ወይ አሳድጊያት ወይ ግደያት።» ከዚያ ዘጋሽ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ አልደብቅሽም። ትሁን የምትባል ጓደኛ አለችኝ፣ ከአጥራችን ማዶ ባለው ቤት የምትሠራ። «ልጄ ሚጡን በምን መከራ እንደምስላት ብታውቅ እንዲህ አትለኝም ነበር» አልኳት።

«ንገሪያታ ታዲያ» አለችኝ። «ልጅሽ ጠንቋይ ናት?»

እንግዲህ ልንገርሽ። ከምሳ በኋላ እዚህ ከተማው ሁሉ ይተኛል። የቤቱ ሰዎች እስከ አስር ሰዓት ኤሲ ስር ናቸው። የኔ ክፍል ከማድቤቱ ጀርባ ነው፣ ያለው ቬንትሌተር ብቻ ነው። የምስለው በዚያ ሰዓት፣ ስልኬ ላይ፣ በጣቴ ነው። ጣት ሲያልበው ስልኩ አይታዘዝም፤ መስመሩ ይዘላል፣ የሚጡ አፍንጫ ጆሮዋ ጋ ሄዶ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ጣቴን የሕፃን ፓውደር ውስጥ እየነከርኩ እሠራለሁ። ትሁን ባየችኝ ቁጥር «አንቺ፣ ልትጠብሺው ነው እንዴ?» ትላለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ያን ቀን ሥራ የለም።

የምስልበት መተግበሪያ ፊደላችንን አያውቅም። ብጽፍ ባዶ ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያወጣዋል። እያንዳንዱን ፊደል በጣቴ ነው የምስለው። ንግግሩ የሚገባበት ክብ ደግሞ ጠባብ ነው። «እምቢ» ይገባል። «እስክትመጪ ድረስ እጠብቅሻለሁ» አይገባም። ስለዚህ ሚጡን አጭር አጭር አናገርኳት። ሰዎች ግን ጠባይዋ ነው አሉ። «ይቺ ልጅ ነገር አታበዛም፣ አንጀቴን በላችው» ብለው ይጽፉልኝ ነበር።

ዓርብ ዓርብ በቴሌግራም ቻናሌ አንድ ክፍል እለቅ ነበር። አሳታሚ የለኝ፣ አራሚ የለኝ፤ ስህተት ካለ የሚነግረኝ ተሳዳቢ ነው። የአዲስ አበባ መስመር የከባድ መኪና ሾፌሮች እዚህ ኔትወርክ ባለበት እያወረዱ በረሃው ላይ ከስልክ ወደ ስልክ ይሰጣጣሉ። ስንት ሰው እንዳያት አላውቅም። አንድ ትልቅ ገጽ ደግሞ ከታች ያለውን ስሜን እየቆረጠ የራሱ አስመስሎ ያወጣት ጀመር።

«ስምሽን መሃል ላይ ጻፊዋ» አለችኝ ትሁን። «ፊቷ ላይ! ይቁረጡት እስቲ ያኔ።»

«ፊቷ ላይ እንዴት አድርጌ እጽፋለሁ?» አልኳት።

ትሁን አየችኝና ወሬ ቀየረች።

ለምን ሰባት ዓመት እንዳደረግኋት ደብሪቱን ጠይቀሻት ነበር አሉ። ከቤት ስወጣ ሰባት ዓመትሽ ነበር። የፊት ጥርስሽ ወልቆ፣ ነጠላ ጫማዬን እየጎተትሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር። ስዕሉን የጀመርኩ ጊዜ የማውቀውን ነው የሳልኩት። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

ፍራሹ ያለበትን ክፍል ግን ባላወጣው ይሻል ነበር። ሚጡ እናቷ በሄደች ማግስት ፍራሹን አጥር ላይ ሰቅላ፣ ጎረቤት ሲጠይቃት በጠራራ ፀሐይ «ዝናብ ነው» ያለችበትን። ያንን በሄድኩ ሰሞን ደብሪቱ ናት በስልክ የነገረችኝ፣ እንድስቅ ብላ። ስቄም ነበር። ከሁሉ ክፍል የበለጠ ሰው የወደደው እሱን ነው። አክስትሽ ደግሞ ሱቋ ለመጣ ሁሉ ስልኳን እያሳየች «ይቺ እኮ የኛ ሊሊ ናት! እናቷ ናት የሠራቻት!» አለች። በክፋት አይደለም፣ ኮርታ ነው። የክፍልሽ ልጆች ወንበርሽ ላይ ፌስታል ዘርግተው እንደጠበቁሽ የሰማሁት ከረፈደ ነው።

ያንን ክፍል የዚያኑ ቀን አጠፋሁት። እኔ ጋ ጠፋ። ሌላው ጋ አለ። ለዚያ ትልቅ ገጽ ጻፍኩለት፦

«እባክህ የፍራሹን አውርደው። የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ማን ነሽ?»

«ሚጡን የምስላት ነኝ።»

«ማስረጃ?»

ስሜን ራሱ ቆርጦ ማስረጃ ጠየቀኝ። እስካሁን አላወረደውም፣ የሚያወርደውም አይመስለኝም። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ።

ከዚያ ያልሽውን ሞከርኩ። ላሳድጋት አልኩ። በአንድ ሳምንት አሥራ አምስት ዓመት አስገባኋት። ቁመት ሰጠኋት፣ ዩኒፎርም አለበስኳት፣ ፊቷን ስጨርስ ለደብሪቱ ላክሁላት። በድምፅ መለሰችልኝ፦ «ፀዳልዬ፣ ይቺማ አንቺ ነሽ! ሊሊ እኮ አባቷን ነው ቁርጥ። ግንባሯ ሰፋ ያለ ነው። ስትናደድ አንዱ ቅንድቧ ብቻ ነው የሚነሳው። እንዴት ልበልሽ፣ መጥተሽ እያት በቃ።»

ደብሪቱ ፎቶሽን ስትልክልኝ ፊትሽን በእጅሽ ጋርደሽ ነው። ቅንድብሽን አላየሁትም።

እንደሆነችው አድርጌ ለቀቅኋት። ዓርብ ማታ ሰው ሁሉ ተነሳብኝ። «ሚጡን መልሺልን» «ይቺ ደግሞ ማናት?» «ትንሿ ናት የምትጥመው፣ ይቺ እንደማንም ኮረዳ ናት።» መሳደቡን ለምጄዋለሁ። አንዲት ቤሩት ያለች ሴት ግን ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «እህቴ፣ በእመቤቴ አታሳድጊያት። እኔም ልጄን በዚህች ዕድሜዋ ነው ትቻት የመጣሁት። ዓርብ ዓርብ የማያት መስሎኝ ነበር።»

እስካሁንም አልመለስኩላትም።

ባለፈው ዓርብ የመጨረሻውን አወጣሁ። ሚጡ ወደ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። እኛ ውጭ ነን፣ የሚታየው በሩ ብቻ ነው። ምንም አልጻፍኩበትም። እሑድ ቻናሉን ከነተከታዩ አጠፋሁት። ትሁን አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጮኸችብኝ።

«አብደሻል? ያን ሁሉ ሰው! ልጅቷ እኮ ዘግታብሻለች፣ መዝጋትሽን በምን ታያለች?»

«አታይም» አልኳት።

«ታዲያ ለማን ብለሽ ነው?»

«ያለችኝ አሳድጊያት ወይ ግደያት ነው። ማሳደጉን አልቻልኩበትም።»

አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል ሳምቡሳ አቀበለችኝ፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣች። ትሁን እንዲህ ናት።

ስላጠፋሁት አታመስግኚኝ፣ አትዘኚልኝ። ከሰዓቱ ግን ረዘመብኝ። ቤቱ ሲተኛ እኔም እተኛለሁ ብዬ ጋደም እላለሁ፤ ጣቴ ፍራሹ ላይ መስመር ስትስል አገኛታለሁ።

አክስትሽ ለመስቀል እመጣለሁ ማለቴን ነግራሻለች። እሷ አልዋሸችም፣ ያልኳት እኔ ነኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ አልተስተካከለም። ከዚህ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት አልችልም፣ እዚያ ደግሞ ምን ሠርቼ እንደማስተምርሽ አላውቅም። ማዳም ለገና እናያለን ብላኛለች። እናያለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ፣ ትልቅ ልጅ ነሽ።

ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ይከብዳል ይላሉ፣ አትፍሪው። ልጆቹ ደግመው ከነኩሽ ለአስተማሪ መናገር አትፍሪ። አክስትሽን አትቆጪያት፣ ስለምትወድሽ ነው አፏ የማያርፈው። የእናት አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የሚስቁብሽን አፍ ያስይዝልሽ፤ ከኔ የተሻለ ዕድል ይስጥሽ።

ይህን ያመጣልሽ ሾፌሩ ጉታ ነው፣ የአምቦ ልጅ፣ ጥሩ ሰው። አዲስ አበባ አራግፎ ቅዳሜ ጠዋት በአዳማ ይመለሳል፣ ከአክስትሽ ሱቅ ፊት ለፊት ትንሽ ይቆማል። መልስ ጻፊልኝ አልልሽም። ማውራትም የለብሽም። ከፈለግሽ ብቻ ወጥተሽ መኪናው በር አጠገብ ቁሚ። ራስሽ በሩ ላይ የት ድረስ እንደሚደርስ ጉታ አይቶ ይነግረኛል። ካልፈለግሽ አትውጪ፣ እሱም አይጠራሽም፣ ሻዩን ጠጥቶ ያልፋል።

ለስዕል አይደለም።

እናትሽ
ፀዳል