ሽማግሌዎቹ ድገመው ያሉኝ ቃል

ኮኪት፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለሰርካለም፤

ወዳለሽበት ዓረብ አገር የምትመጣው ታንጉት ይህን ደብዳቤ ስትሰጥሽ ብቻሽን አትክፈቺው፤ እሷ አጠገብሽ ትቀመጥ። ባየልኝ እርሻ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም ያልንሽ ውሸት ነው። ወንድማችን ጥቅምት 12 ቀን ሞቷል። አባባ «በሰው አገር መርዶ ሰምታ ማን ያነሳታል» ብለው አስምለውን ነበር። መሐላውን ያፈረስኩት አሟሟቱን ከሌላ ሰው አጣመሽ እንዳትሰሚ ብዬ ነው።

የገደለው ኡመይር ነው። አዎ፣ የጉሙዟ የእትዬ መጂዳ ልጅ፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ እኛ ቤት ያደገው፣ ከባየልኝ ጋር አንድ አልጋ ላይ የተኛው ኡመይር።

ሰሊጡ ደርሶ ነበር። ሁለት ቀን ከዘገየ ፍሬው መሬት ላይ እንደሚራገፍ ታውቂያለሽ፤ አባባ ከጎጃም የመጡ ስድስት ሠራተኞች ጨመሩ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ቀርቼ አጭድ ነበር። ቀትር ላይ ትራክተሩ ውሃ በበርሜል አመጣ። ኡመይር ቀድሞ ደርሶ ጠጣና ጣሳውን አጠገቡ ላለው ለጎጃሜው ልጅ ዘረጋለት። ልጁ እጁን ሰበሰበ።

«እኔ ከዚህ ተቀብዬ አልጠጣም» አለ።

ኡመይር ዞሮ እኔንና ባየልኝን አየን። አንድ ነገር እንድንል ይጠብቅ ነበር። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ?

«እጠብለት እንጂ አንተ ባሪያ! ሰው እኮ ነው የሚጠጣበት።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁልጊዜ እንደምንለው ነው ያልኩት። ኡመይር ጣሳውን መሬት ላይ ወረወረው።

«ክረምት ክረምት አዝዬ ወንዝ ያሻገርኩህ እኔ ነኝ» አለኝ።

ባየልኝ ብድግ አለ። «ጣሳውን አንሳ!»

«አላነሳም።»

«እኛ ቤት በልተህ ነው እኛ ላይ የምትጠግበው? የባሪያ ጥጋብ!»

የተበጠሰ የትራክተር ቺንጋ እዚያው ወድቆ ነበር። ባየልኝ አንስቶ የኡመይርን ፊት ገረፈው። ደገመው። ሦስተኛው ከንፈሩን ተረተረው። አራተኛውን ሲያነሳ ኡመይር ማጭዱን አንገቱ ሥር አስገባው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ሰርካለም። ባየልኝ ጉሮሮውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነዶው ላይ ወደቀ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይፈልቅ ነበር። ሸሚዜን አውልቄ ቁስሉ ውስጥ ጎሰጎስኩት። ሊያናግረኝ ሞከረ፤ ከአፉ የወጣው የደም አረፋ ብቻ ነው።

ኡመይር አልሸሸም። ማጭዱን ጥሎ «ባየልኝ! ባየልኝ!» እያለ ተንበረከከ። ሠራተኞቹ በዱላና በድንጋይ ቀጠቀጡት፤ ቀኝ ዓይኑ ፈሰሰ። ፖሊስ ደርሶ ባይወስደው ኖሮ እዚያው ይጨርሱት ነበር። እኔ አትምቱት አላልኩም።

ሰልስቱ እንዳለቀ አጎታችን ክላሻቸውን እጄ ላይ አስቀመጡ። «ገዳዩ መንግሥት እጅ ገብቷል። ወንድሙ ግን አለ። የወንድምህን ደም የምትመልሰው አንተ ነህ» አሉኝ። ወንድሙ ማለት ሐሚድ ነው፤ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ የሚቀመጠው ሐሚድ። ሁለት ቀን ከበራቸው ማዶ አደፈጥኩ። በሁለተኛው ቀን ውሃ ሊቀዳ ወጣ፤ አነጣጠርኩበት። አየኝ። ጄሪካኑን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነና «ቶሎ በል» አለኝ። ጣቴ እምቢ አለኝ። ሮጬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ የደም ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ደም ከመፍሰሱ በፊት የተባለውን ምስክር የሆነ ሁሉ ቃል በቃል ይደግማል፤ ፍርዱ የሚመዘነው በዚያ ነው። ጠዋት አባባ ለብቻዬ ጠርተው «ምንም አልተባለም ትላለህ። ልጄ የሞተው በማጭድ እንጂ በቃል አይደለም» አሉኝ። ጎጃሜዎቹም አንድ በአንድ «ጨዋታ ነበር፣ ምንም አልተባለም» ብለው ማሉ። የዋሹ አይመስለኝም፤ ለነሱ በእውነት ምንም አልተባለም።

«እንግዲያው ያለ ምንም ነው የገደለው። ያለ ምንም ለፈሰሰ ደም እርቅ የለም» አሉ አጎታችን። ሐሚድ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ተራዬ ደረሰ። ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል እትዬ መጂዳ ፊት አልወጣ አለኝ። «ጮክ በል፤ ድገመው» አሉኝ ሽማግሌው።

«ባሪያ» አልኩ። «መጀመሪያ እኔ ነኝ ያልኩት። ቀጥሎ ባየልኝ።»

እትዬ መጂዳ አላለቀሱም። «ቤታችሁ ሳስገባው ስሙን ነግሬያችሁ ነበር» አሉ።

ደሙ በካሳ እንዲደርቅ፣ ሐሚድ ላይ ማንም እጁን እንዳያነሳ ተፈረደ። አጎታችንም ክላሹን መሬት አስቀምጠው ማሉ። አባባ ግን «ወንድምህን ሁለተኛ ገደልከው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም። እማዬ ምግቤን ጓዳ ታስቀምጥልኛለች።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እመቤትሽ በቋንቋቸው «ዓብዳ»፣ ባሪያ፣ እያለች እንደምትጠራሽ በድምፅ የላክሽልን ቀን እማዬ እዬዬ አለች፤ ባየልኝ ግድግዳውን በቡጢ መታ። ኡመይርም እዚያው ቁጭ ብሎ ላንቺ አለቀሰ። ወዲያው ባየልኝ «አንተ ባሪያ፣ ፍየሎቹን አስገባ እንጂ» አለው። እንባውን ጠርጎ ወጣ። ማናችንም ልብ አላልንም። አንቺም «የኛ ባሪያ» ስትይው በፍቅር እንደነበር አውቃለሁ። እኔም በፍቅር ነበር እል ነበር።

ተለውጫለሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ትናንት ግን ባጃጅ ውስጥ አንድ የጉሙዝ ልጅ ሲወርድ እግሬን ረገጠኝ። ቃሉ ከሕመሙ ቀድሞ ምላሴ ላይ ደረሰ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሰርካለም! ጥርሴን ነክሼ ዋጥኩት። ልጁ «ይቅርታ ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ።

አልቅሺ፤ ታንጉት ትይዝሻለች። እግዚአብሔር የባየልኝን ነፍስ ይማርልን፤ አንቺንም ከሰው ደጅ በሰላም ያውጣሽ።

ወንድምሽ
አንዱአምላክ