የእታለም ደቦ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሳቁባት። ስትነግረን እሷም እየሳቀች ነበር፤ እራቷን ግን አልበላችም።

እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ዘንድሮ ከገለጉ ወደ ቀበሌያችን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተዛውራ አራተኛ ክፍል ታስተምራለች። ቅዳሜ ለትምህርት ቤቱ ሠራተኞች በሙሉ፣ ጥበቃው ሳይቀሩ፣ ስለ ፍትሐዊ ትምህርት ሥልጠና እንዲሰጥ አስፈቅዳለች። አሰልጣኙ ከገንዳ ውሃ ይመጣሉ። ዛሬ በሻይ ሰዓት ስትነግራቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «አበል አለው?» ሆነ። ቀጥሎ፣ «ሰሊጡ ይሰብሰብና ቢሆንስ?» መምህር አዱኛ ደግሞ፣ «መምህርት፣ ሰሊጥ አፉን ከከፈተ ሥልጠና አይሰማም» አላት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ነገሩ እውነት ነው። የደረቀ ሰሊጥ ከተከፈተ ነፋስ መሬት ላይ ያራግፈዋል። አስተማሪዎቹም መሬት ተከራይተው ዘርተዋል። ግን እሱ ባይናገር ይሻል ነበር። አምና የይርጋን ስም የሰረዘው መምህር አዱኛ ነው። ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ግን አልልም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ይርጋ ታናሽ ወንድሜ ነው። አምና በዚህ ወቅት ከአባቴ ጋር አጨዳ ወርዶ ወደ ስድስተኛ ክፍሉ ሲመለስ፣ «ብዙ ቀን ቀርተሃል፣ ስምህ ተሰርዟል፣ ለከርሞ ና» ተባለ። ለከርሞ አልደረሰም። ተመልሶ ማሳ ወረደ፤ እዚያው ወባ ያዘው፤ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ሞተ። እታለም ያኔ ገለጉ ነበረች። መኪና አጥታ ለቀብሩ እንኳ አልደረሰችም። ዝውውር የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ለምን የይርጋን አትነግሪያቸውም? ያን ጊዜ ማን ይስቃል?» አልኋት።

«በወንድሜ ሞት ሰው አላስፈራራም። አዝነውልኝ እንዲመጡ አልፈልግም፤ ገብቷቸው ይምጡ።»

«ሳይመጡ እንዴት ይገባቸዋል?»

«እሱን እኔም አላወቅሁትም።»

የሚያስጨንቁኝ፦ ወንበሩ ባዶ ቢሆን። እታለም ሰው ፊት ብታለቅስ። መምህር አዱኛ መጥቶ እንደገና ቢቀልድ እኔ ምን እንደማደርግ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

አሰልጣኙ ደወሉ፤ አይመጡም። ወባ ጥሏቸዋል። እናቴ ወባ የሚለውን ስትሰማ ከቤት ወጣች።

ርዕሰ መምህሩ ጋሼ መኮንን፣ «እንግዲህ ይቅር፣ ያለ አሰልጣኝ ምን ሥልጠና አለ» አሉ። እታለም ገለጉ ሳለች ይህንኑ ሥልጠና ወስዳለች። «እኔ እሰጣለሁ» አለቻቸው። «ሰዉንስ?» ቢሏት፣ «አመጣዋለሁ።»

ቤት እንደገባች፣ «የመምህር አዱኛን ሰሊጥ ስንት ሰው ይጨርሰዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደቦ ልትጠራ ነው። ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ተባብሮ የእሱን ሰሊጥ ያጭዳል። ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ፣ አጫጅ ሁሉ ጥላ ሲገባ፣ እዚያው ማሳው ላይ ታሰለጥናቸዋለች።

ተናደድሁ። «ከሰው ሁሉ የእሱን?»

«ቀድሞ የደረሰው የእሱ ነው። ደግሞ የደቦ ባለቤት ደቦውን ጥሎ አይሄድም።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። ብናደድም ሳቄ መጣ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

መምህር አዱኛ እሺ አለ። «ለሰሊጤ ስል የማላዳምጠው ነገር የለም» ብሎ ቀልዷል። ከክፍሌ ልጆችም አራቱ አብረውኝ ሊያጭዱ ተስማሙ። ማጭድ ከጎረቤት ተበደርን። ሰሌዳ ስለሌለ ነጭ ጆንያ ቀድጄ በሁለት እንጨት ወጠርሁት። በከሰል ሲጻፍበት ከሩቅ ይነበባል። ኮራሁ።

አባቴ፣ «ለመሆኑ አስተማሪ ማጨድ ይችላል?» አለ። እታለም፣ «ነገ እንፈትናቸዋለን» አለችው። እናቴ ግን ማሳ መሄዴን ከሰማች ወዲህ አላናገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ሁሉም መጡ። ጥበቃው ጋሼ ወርቁ ወጣቱን ሁሉ ጥለውት ሄዱ። የሒሳብ አስተማሪዋ ነዶውን ቀጥ አድርጋ ስትደረድር፣ «ፈተና ወረቀት አይደለም እኮ፣ ዝም ብለሽ ከምሪው» ይሏታል።

መምህር አዱኛ ቀድሞ የቀጠራቸው የጎጃም አጫጆችም ነበሩ። ከእነሱ መሐል አንዲት ልጅ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታጭዳለች። እጇ ፈጣን ነው። መምህር አዱኛ አያትና ደስ አለው።

«ጎበዝ! የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

«የእርስዎ ተማሪ ነኝ ቲቸር» አለችው ቀና ሳትል። «ስድስተኛ ቢ።»

ማንም አልሳቀም። ከአጫጅ አባቷ ጋር ከጎጃም መጥታ መስከረም ላይ ተመዝግባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቀሪ እያለ የጻፋት ልጅ ናት። የት እንዳለች ሳያውቅ የእሱኑ ሰሊጥ ስታጭድለት ሰነበተች።

ቀትር ላይ ማሳው ዳር ካለው የአጫጆች ዳስ ሥር ገባን። እታለም ጆንያው ላይ፣ «ዛሬ ክፍል ሳይሆን እዚህ የመጣነው ለምንድን ነው?» ብላ ጻፈች።

«ሰሊጡ እንዳይራገፍ» አሉ።

«አንድ አስተማሪ በዚህ ምክንያት ሥልጠና ቢቀር ምን እንለዋለን?»

«ችግር ገጥሞት ነው እንላለን።»

«ተማሪስ ሲሆን?»

ጋሼ መኮንን፣ «ሕጉ ግን ለሁሉም አንድ ነው፣ ልጄ» አሏት።

«ሕጉስ አንድ ነው፣ ጋሼ። የሰው ኑሮ ግን አንድ አይደለም። እንጀራው ማሳ ላይ ያለ ልጅና ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የሆነ ልጅ እኩል እንዲማሩ ከፈለግን፣ ለአንዱ ትንሽ መጨመር አለብን።»

የይርጋን ስም አላነሳችም። ያነሳው መምህር አዱኛ ነው። መሬት መሬቱን እያየ፣ «አምና ይርጋ የሚባል ልጅ ሰርዣለሁ» አለ። «የት ነበርህ ብዬ አልጠየቅሁትም።»

እታለም ከሰሉን አስቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ ቀጠለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንደ ዛሬ በእህቴ ኮርቼ አላውቅም።

የተስማሙበት፦ አጨዳ እስኪያልቅ ማንም አይሰረዝም። የቀረ ልጅ ወዴት እንደሄደ ይጠየቃል። ያመለጣቸውን ከሰዓት በኋላ በተራ ያስተምሯቸዋል። ያለ አበል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ወገቤ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ መምህር አዱኛ ሰላም አለኝ። ዓመቱን ሙሉ እንዳላየሁት ሳልፈው ነው የኖርሁት። ዛሬ ቆምሁ። መዳፉ ተልጧል። «ወንድምህ በሳይንስ ጎበዝ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

ይቅር ማለት ይህ ከሆነ እንጃ። ብቻ ቆሜያለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ጋሼ መኮንን ውሳኔውን ጽፈው ለጠፉ፤ ወረዳው ይቀበለው አይቀበለው ገና አልታወቀም። የስድስተኛ ቢዋ ልጅ ዛሬም ትምህርት ቤት አልመጣችም። አባቷ ወደ ሌላ ማሳ ተሻግሯል። መምህር አዱኛ ሞተር ተበድሮ ፈልጎ አገኛቸው። ነገ ከሰዓት ትመጣለች ብለውታል። ትምጣ ብቻ።

ማምሻውን የእታለም የድሮ ርዕሰ መምህር ከገለጉ ደወሉ። ወሬው ደርሷቸዋል። እነሱም ሥልጠናውን ይፈልጋሉ። «ስንት ማጭድ ይዤ ልምጣ?» አለቻቸው። በስልኩ ውስጥ ሳቃቸው ተሰማ።

መንገዱ በጭነት መኪና ነው፣ መኪናው ከቆመ በእግር። እኔም አብሬያት ልሂድ አልሁ። ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን።

«የገለጉ ሰሊጥ ታጭዶ አላለቀም?»

«አላለቀም» አለቻት እታለም።

«እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ» አለች እናቴ። «ሳይራገፍ ድረሱላቸው እንጂ።»