ለማይካ አዝማቹ ይበቃዋል

ይድረስ ለልጄ ለዳርሊን። ለንደን እንዴት ይዞሻል? ጌታ ካንቺ አይራቅ፤ ባልሽንም ትንሹን ማይካንም ይጠብቅልሽ።

እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላባራ ብሎ የአያትሽን መቃብር አረም ውጦት ነበር፤ ትናንት አጸዳነው። በመቃብር እሑድ እንደ ወጋችን አበባ አኑረን፣ እዚያው ሣሩ ላይ ምሳ በልተን፣ እሳቸው የደረሱትን ዘፈን እንዘፍናለን። ዘንድሮ ዘፈኑን ስንለማመድ ጊታር የያዘው የአጎትሽ ልጅ ዌስሊ፣ "ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያለው የጥቁሮች ስድብ ያሳፍራል፤ እንቀይረው" አይል መሰለሽ! አጎትሽ ሃርላን፣ "የሞተ ሰው አፍ ልታርም? በል እንግዲህ የመቃብሩን ድንጋይም ፍቀህ ጻፈው!" ብሎ ጊታሩን ቀማው። ደግ አደረገ። አባቴ ሰው ሰድበው አያውቁም፤ ያኔ ጥቁሮቹን ሁሉም እንዲያ ነበር የሚጠራቸው።

ማይካ በስልክ አዝማቹን ሲዘፍንልኝ አለቀስኩ። ድምፁ ቁርጥ አባቴን፤ መልኩ ነው እንጂ እንደ አባቱ የጠቆረው።

ለእሑዱ እንዳትቀሩ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሦስተኛው ስንኝ ሲደርስ ልጁን ይዘሽ ወደ መኪናው ዞር በይልኝ። አዝማቹ ላይ መልሺው፤ ከፊት ቆሞ ይዝፈንልን።

በሰላም ያግባችሁ።

እናትሽ ኦፓል፣ ከኬንተኪ