ጥቁሮቹን ለቅመሽ አውጪ

ለእህቴ፣ ሞጣ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው፣ ሥራሽስ፣ የተከራየሽው ቤትስ ብዬ እጠይቃለሁ፤ ደብዳቤ ሲጻፍ የሚጠየቅ ስለሆነ ነው እንጂ መልሱን ናፍቄ አይደለም። እኛ አለን። እማዬ ወገቧን ያማታል፣ ግን ትሠራለች። አባባ ደህና ናቸው። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። የምስሩን ነገር እኔ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።

በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልክ ላይ ድምፄ ይጠፋብኛል። አንቺ ደግሞ «ቶሎ በይ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ትያለሽ፤ እኔም «ምንም አይደል» ብዬ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አንቺ ለአባባ የነገርሻቸው ከመሃሉ ጀምረሽ ነው።

በጥቅምት መጨረሻ የዋልካውን ማሳ ምስር ክሽክሽ፣ ያ ትንሹ ተባይ፣ ያዘው። ግንዱ ላይ ተደርድሮ ይመጠዋል፣ ቅጠሉ ይጠቀለላል። አባባ ከጎረቤታችን ከባየ መርጫ ተውሰው፣ መድኃኒቱን በጥብጠው ሊወጡ ሲሉ ደወልሽ። «ይተዉት አባባ፣ መርዙ ጥሩውንም መጥፎውንም ይፈጃል። ክሽክሽ የሚበላ ጢንዚዛ እልክልዎታለሁ» አልሽ። አባባ ስቀው «ልጄ ተምራ ተምራ ጢንዚዛ ልትልክልኝ ነው» አሉ፤ ግን መርጫውን ለባየ መለሱ። ከሰው ሁሉ ያንቺን ቃል ያምናሉ።

ካርቶኑን ከሞጣው ሚኒባስ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ጆሮውን አስጠግቶ «ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» አለኝ። «ጢንዚዛ» ስለው መናኸሪያው በሙሉ ሰማ። አንዱ «ቢቸና ጢንዚዛ ጠፍቶ ነው ከሞጣ የሚጫነው?» አለ፤ ሌላው ቀበል አድርጎ «ትኬት ተቆርጦላቸዋል ወይስ ቆመው ነው የመጡት?» አለ። ቀና ሳልል ካርቶኑን ታቅፌ ቤት ድረስ ሄድኩ። ሰው ዓይን ውስጥ መግባት ለእኔ ምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እያወቅሽ ነው የላክሽብኝ።

ከዓባይ በረሃ፣ በሰባራ ድልድይ በኩል ካለ የማሽላ ማሳ የተለቀሙ ናቸው ብለሽኝ ነበር። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ፣ ነጥባቸው ትንንሽ። ያምራሉ፤ ይህን አልክድም። ከእነሱ ጋር ቴርሞሜትርና ደብተር ነበር። በየጠዋቱ ብርዱን፣ በየቀኑም ስንት እንዳሉና ስንት እንደሞቱ እንድጽፍልሽ። ከዚያ እንዲህ አልሽኝ፤ ቃልሽን እንዳለ ነው የምጽፈው፦ «መጀመሪያ እዚያው ያሉትን ጥቁሮቹን ለቅመሽ አውጪ፣ ቆጠራው እንዳይደባለቅ።»

ጥቁሮቹን አብረን ነው ያየናቸው፣ ልጅ ሆነን። ጀርባቸው ጥቁር ሆኖ ትከሻቸው ላይ ብቻ ቀይ ነጥብ አለባቸው። በየዓመቱ ምስሩ ላይ የሚኖሩት እነሱ ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ሲያዙ ቢጫ ውኃ ይለቃሉ፤ ሽታው በሳሙናም አይለቅም። በጣሳ እያደረግኩ ከወንዙ ማዶ እትዬ ይርጋነሽ ማሳ ላይ ደፋኋቸው። እትዬ ይርጋነሽ አይተውኝ «አንቺ ልጅ፣ ምንሽን ነው እኔ ላይ የምትጥዪው?» አሉኝ። «እህቴ ናት ያለችኝ» አልኩ። «እህትሽ ካለች ደህና ነው» ብለው ሄዱ። አገሩ እንዲህ ነው የሚያምንሽ።

ከዚያ ያንቺዎቹን ምስሩ ላይ ለቀቅኳቸው፤ የኅዳር ውርጭም ገባ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ አራት ይላል፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። ያንቺዎቹ ከቅጠል ሥር ተጣብቀው አይነቃነቁም። በስንደዶ ነካ ሳደርጋቸው እግራቸውን ሰብስበው ይወድቃሉ። አምስት ሰዓት ካልሆነ አንዷም አትራመድም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ መልሰው ይደነዝዛሉ። በዚህ መሃል ስንት ክሽክሽ ሊበሉ ነው? ክሽክሹን ግን ብርዱ አላገደውም። ቀስ እያለ ይወልዳል፣ የተወለደውም ይወልዳል።

ማዶ ተሻግሬ ጥቁሮቹን አየሁ። ፀሐይ እንደወጣች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሞቃሉ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከግንድ ግንድ ይሮጣሉ። ገመድ ላይ የተሰጣ ጥቁር ልብስ ከነጩ ቀድሞ ይግላል፤ እነሱም እንደዚያው ናቸው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም፣ ቁጭ ብሎ ማየት በቃኝ።

ደግሞም ነግሬሻለሁ። በአምስተኛው ቀን «የላክሻቸው ብርዱን አልቻሉትም፣ ጥቁሮቹን ልመልሳቸው?» አልኩሽ። ሳቅሽ። «ጢንዚዛ ጢንዚዛ ነው። አንቺ ቁጥሩን ጻፊልኝ፣ ሳይንሱን ለእኔ ተዪው» አልሽ። ቁጥሩን መጻፌን ቀጠልኩ።

እንግዲህ የራሴንም ልናገር። በአሥረኛው ቀን ምስሩ መጠውለግ ሲጀምር ማንንም ሳልጠይቅ ጥቁሮቹን መልሼ ማምጣት እችል ነበር። ጣሳው ነበረ። ወንዙም ጉልበት አይደርስም። አላመጣኋቸውም። አባባን ፈርቼ አይደለም፣ አንቺንም ፈርቼ አይደለም። ያን ሰሞን በየቀኑ ትደውዪ ነበር። ከቤት ከወጣሽ አራት ዓመት ሲሆን በየቀኑ ደውለሽ አታውቂም። «ዛሬስ ስንት ናቸው?» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ አንዳንድ ቀን «በልተሻል?» ትዪኛለሽ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በታኅሣሥ ምስሩ ጠቁሮ ተጣበቀ፣ አበባው ረገፈ። አባባ መርጫ ሲፈልጉ ጊዜው አልፎ ነበር። ማሳው ዳር ቆመው ደወሉልሽ። የእማዬ ስልክ ድምፁ ወደ ውጭ ይሰማል፤ አጠገባቸው ነበርኩ። «እኔ የላክኋቸው ጤነኞች ነበሩ አባባ። መንገድ ላይ ወይ ቤት ስታስገባ ብርድ አስመትታቸው ይሆናል። ልጅ አይደለች፣ አይቆጧት» አልሽ። አንድ በአንድ ሰማሁት። አይቆጧት ማለትሽ ከውሸቱ ይልቅ አመመኝ።

አልተቆጡኝም። ስልኩን ለእማዬ መለሱና ወደ ማሳው እያዩ «ካርቶን ከመናኸሪያ ቤት ማድረስ ያቃታትን ልጅ ነው የማስተምረው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ዕቃ እንኳ ስይዝ ይመለከቱኝ ጀመር። ከገና በኋላ በነበረው እሑድ ነገሩን ቆረጡት። ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አልመለስም። የስምንተኛ ክፍል ፈተናም አልቀመጥም። ደብረ ኤልያስ ያለችው አክስታችን አየሁሽ ሕፃን የሚይዝላት ትፈልጋለችና ወደዚያ እሄዳለሁ። እማዬ «እህቷ ሳትሰማ?» ብላ አንድ ቃል ብትተነፍስ አባባ «እንግዲያው ትሰማ። እሷ ትማር ካለች ትማራለች» አሉ።

እኔም ዝም ብዬ ልሄድ ነበር። ምናልባት እውነት እኔ እሆናለሁ ብዬም አስቤያለሁ። ካርቶኑን መንገድ ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጬው እጄን አሳርፌ ነበር፤ እሱ ይሆን እንዴ እያልኩ ስንት ቀን ከረምኩ።

ከጥምቀት በኋላ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባለው የመሥሪያ ቤትሽ ባልደረባ ለሥራ ቢቸና መጥቶ ደብተሩን ሊወስድ ወደ ቤት ጎራ አለ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ማሳውን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ደብተሩን ሲገልጥ ግን ፊቱ በራ። «ጎበዝ፣ ጽሑፍሽ እንዴት ንጹሕ ነው። ይኸው በአሥራ ሁለት ቀን ግማሹ አልቋል፣ እንደጠበቅነው» አለኝ። «እንደጠበቅነው ማለት?» አልኩት፤ እኔ፣ እንግዳ ሰው የማላናግረው። «እህትሽ አልነገረችሽም እንዴ? ጥናቷ እኮ እሱ ነው። የበረሃ ጢንዚዛ የደጋ ብርድ ስንት ቀን ይችላል ነው ጥያቄው። እኩሌታውን እዚያው በረሃ ለቀቅን፣ እኩሌታውን እዚህ። የእናንተ ማሳ የብርዱ ወገን ነው» አለ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ምሳ በላ። እማዬ ያንቺ ሰው ነው ብላ ደጋግማ ጨመረችለት። አባባም ከውጭ ገብተው «ለልጄ ሰላም በሉልኝ፣ ጢንዚዛዎቹ ስላለቁባት አዝነናል በሉልኝ» አሉት።

አዝነናል አሉ፣ ላንቺ።

የብርዱ ወገን። ስሙን ከሰማሁት ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም። መርጫውን ከአባባ እጅ ያስጣልሽው ለዚህ ነው። ጥቁሮቹንም ያስለቀምሽኝ ለዚህ ነው። «ጢንዚዛ ጢንዚዛ ነው» ያልሽኝ ጢንዚዛ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ለመጻፍ ተቀምጠሽ ነው። የሌላ ሰው ማሳ ቢሆን ፈቃድ ትጠይቂ ነበር፣ ካሣም ይጠይቅሽ ነበር። የአባትሽ ስለሆነ ከጠያቂ ተገላገልሽ። ዘንድሮ የምስር ዘር ከሰው ነው የምንለምነው፤ የምንለምነውም እትዬ ይርጋነሽን ነው። የእሳቸው ምስር ፍሬው ከብዶት ተኝቷል። ሰው ምን አድርገውበት ነው ሲላቸው «እኔ ምን አውቄ፣ የአምላክ ሥራ ነው» ይላሉ። እኔ በዚያ ሳልፍ አንገቴን እደፋለሁ።

ለኃይለ ጊዮርጊስ ያልሰጠሁት ሌላ ደብተር አለ። ከላክሻቸው ውስጥ የተረፉት ጥቂቶቹ ቅጠል ላይ ቢጫ እንቁላል ጥለው ነበር። የተፈለፈሉት ትሎች አድገው ግንድ ላይ ተንጠለጠሉ። እኩሌታውን እዚያው ውርጩ ላይ ተውኳቸው፣ እኩሌታውን ከነግንዱ ቆርጬ ምድጃው አጠገብ ሰቀልኳቸው። ምድጃ አጠገብ ያሉት እንደ እናቶቻቸው ቀላ ያሉ ጢንዚዛዎች ሆነው ወጡ። ብርዱ ላይ የቆዩት ግን ነጥባቸው ሰፍቶ፣ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ጀርባቸው ጠቁሮ ወጡ፤ ጠዋትም ቀድመው ይራመዳሉ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ቀኑንም ቁጥሩንም ጽፌዋለሁ። ለጥናትሽ ምን ያህል እንደሚጠቅምሽ ይገባኛል። አልሰጥሽም። ብትለምኚኝም አልሰጥሽም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ማን እንዳመጣልሽ ቀና ብለሽ ተመልከቺ። አባባ ሞጣ የመጡት ስለ እኔ ያንቺን ቃል ሊሰሙ ነው። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ፊደል እንደማይቆጥሩ ታውቂያለሽ። ይኸው ፊትሽ ተቀምጠው እስክትጨርሺ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ «ምን ትላለች?» ይሉሻል። «ሰላም ትላለች» ብለሽ ማጠፍ ትችያለሽ። እኔ እዚያ የለሁም፣ ኃይለ ጊዮርጊስም አይናገርብሽም። እማዬም አታውቅም። ለአባባ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ፣ ሞጣ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ ብለው አዲሱን ጋቢ ከሣጥን ሲያወጡ አይቼ ተውኩት።

ማክሰኞ ይመለሳሉ። መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ። ምን እንዳነበብሽላቸው ከፊታቸው አውቃለሁ።

እማዬ ቅቤ ልካልሻለች። እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ብላለች፤ እኔም አሜን ብያለሁ፣ ሌላ ምርቃት ግን ከእኔ አይወጣም። አባባ መንገድ ላይ እህል አይቀምሱም። መጀመሪያ ምሳ አብያቸው፣ ከዚያ አንብቢላቸው።

ታናሽ እህትሽ
ቢቸና፣ ጥር ፳፪